ሁለት ካርድ ያላቸው ስንት ናቸው?

ኮሚቴ ውስጥ ያስገቡኝ እንዳልቀየማቸው ነው። ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። የክሊኒካችን ባለቤት ወንዳወቅ አንድ ጠዋት ካርድ ክፍሌ በር ላይ ቆመና፣ ወደ ውስጥም ሳይዘልቅ፣ «እትዬ ይታየሽ፣ ካርዱን ወደ ኮምፒዩተር ልናዞረው ነው። ሦስት ድርጅቶች ይወዳደራሉ። እርስዎም ከገምጋሚዎቹ አንዷ ነዎት» አለኝ። አነጋገሩ ሰርግ የሚጠራኝ ይመስላል። እኔ ደግሞ የተጠራሁት ለራሴ ተዝካር መሆኑ ወዲያው ገብቶኛል።

ሰቆጣ ውስጥ በዚህ ክሊኒክ ካርድ ሳወጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። መደርደሪያዎቹን አናጺ ጠርቼ ያሠራሁ እኔ ነኝ። በጦርነቱ ክሊኒኩ በተዘረፈ ጊዜ አልጋው፣ ማይክሮስኮፑ፣ የበር እጀታው ሳይቀር ሲሄድ የተረፈው ካርዱ ብቻ ነው። የሰው በሽታ የተጻፈበት ወረቀት ማን ይሸከማል? መሬት ላይ ተበትኖ፣ ተረጋግጦ አገኘሁትና ሦስት ሳምንት ተንበርክኬ ለቀምኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጥቶ መስኮቴ ላይ ሲቆም፣ ስሙን ሳይነግረኝ እጄ ወደ ካርዱ ይሄዳል። ሰው ይገረማል። ሲገረሙብኝ ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ።

ኮሚቴ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ወንበሩ ላይ አረፍ እላለሁ፣ ተነሥቼ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ ያስተካከልኩትን ካርድ እንደገና አስተካክላለሁ። ሥራዬን እንዳላጣ የፈራሁ መሰላቸው። ፈርቻለሁም። ዕረፍት የነሣኝ ግን ሌላ ነው። ቤቴ፣ የልብስ ሳጥኔ ሥር፣ ከዚህ ክሊኒክ ሰርቄ ያወጣሁት አንድ ካርድ አለ። በእሱ የተነሣ አንዲት ነርስ ያለ ጥፋቷ ተባርራለች፤ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ካርዶቹ በተራ ቁጥር ወደ ኮምፒዩተር ሲገቡ አንድ ቁጥር ይጎድላል፤ «የት ሄደ?» መባሉ አይቀርም።

የነርሷ ስም ብርሃን ነው። ከሥሩ ልንገራችሁ።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። አባቷ ያወጣላት ስም ወላጆቿ ቤት ይቀራል። ከዚያ በኋላ በአማቷ ፊት በድሮ ስሟ መጥራት ነውር ነው፤ ገና የእናንተ አልሆነችም እንደማለት ይቆጠራል። እንግዲህ ልጅቱ በልጅነቷ በአንድ ስም ካርድ ታወጣለች፣ ካገባች በኋላ በሌላ ስም ትመጣለች። እኔ ፊቷን አይቼ አሮጌውን ከመደርደሪያው አወርድና ሳልናገር ከአዲሱ ጋር በስቴፕለር አያይዘዋለሁ። ይህ ሥራ በየትም ደንብ ላይ የተጻፈ አይደለም። ማንም አላዘዘኝም።

ሠርካለም ምሳውን መጀመሪያ ያየኋት በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ከሰሃላ ለገበያ ይዟት መጥቶ፣ ጉሮሮዋን ሲያማት አንድ ቦታ ፔኒሲሊን አስወግቷት፣ ፊቷ አብጦ ዓይኗ አልታይ ሲል ተሸክሟት እየሮጠ ገባ። ወንዳወቅ ካዳናት በኋላ ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን ፈጽሞ እንዳይሰጣት» ብሎ ጻፈና ሁለቴ አሰመረበት።

ከአራት ዓመት በኋላ በገበያ ቀን ከአማቷ ጋር መጣች። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል። «ተዋበች በይ» አለችኝ አማትየዋ። ቀና ብዬ አየኋት። አወቅኋት። እሷም አወቀችኝ፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። የድሮ ካርዷ ከላይኛው መደርደሪያ ነው፣ መሰላል ይፈልጋል። እርግጠኛ ለመሆንም «አንቺ ሠርካለም አይደለሽም?» ማለት ያስፈልጋል፣ ያውም አማቷ እየሰማች። ከኋላ ሰው ይገፋል፣ አንዱ ተራዬን ተነጠቅሁ ብሎ ይጮኻል። ኋላ አወርደዋለሁ ብዬ አዲስ ካርድ ጻፍኩላት። ከስሟ፣ ከዕድሜዋና ከባሏ አገር በቀር ምንም የሌለበት ባዶ ካርድ።

ወንዳወቅ ባዶውን ካርድ አይቶ የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘላት። መርፌ ክፍሉን ከካርድ ክፍሌ የሚለየው ስስ ግድግዳ ነው፣ ይሰማኛል። ብርሃን ሲሪንጁን ይዛ «ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተሽ ያስቸገረሽ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት። የመለሰችው አማትየዋ ናት። «እሷ? ታማም አታውቅ» አለች። ሙሽራ አማቷን አታርምም። ብርሃን ወጋቻት። ጩኸቱን ስሰማ መሰላሉ ላይ ነበርኩ፣ አሮጌው ካርድ እጄ ላይ።

ልጅቱ ተረፈች። በሆዷ የነበረው የሦስት ወር ፅንስ ግን አልተረፈም። የባሏ ዘመድ ግቢውን ሞላው። ወንዳወቅ ክሊኒኩ ይዘጋብኛል ብሎ ፈራ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ አንድ ሰው ጥፋተኛ መሆን ነበረበት። ደብዳቤው «የታካሚዋን ታሪክ በአግባቡ ባለመጠየቋ» ይላል። ብርሃን «ጠይቄያታለሁ! በማርያም ጠይቄያታለሁ!» እያለች ከግቢው ወጣች። እኔ ካርዱን ከቀሚሴ ሥር ደብቄ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። በስድስት ወሯ ጅዳ ገባች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። እስከ ዛሬ ከዚህ አገር ከእናቷ ቀጥሎ የምትደውለው ለእኔ ነው። እኔን ትወደኛለች። በዚህ ተቃጥዬ አልቄያለሁ።

ታዲያ ገምጋሚ ሆኜ ተቀመጥኩ። ከወንዳወቅ ሌላ የኮሚቴው ጸሐፊ ትእዛዙ አለ፣ የመድኃኒት ክፍላችን ኃላፊ። መስፈርቱን ያወጣው እሱ ነው። ልምድ፣ ዋጋ፣ ሥልጠና፣ ከተሸጠ በኋላ የሚሰጥ ጥገና እያለ በሠንጠረዥ ደርድሮታል። ካርድ ስለሚያወጣው ሰው አንድም መስመር የለበትም።

መጀመሪያ የቀረበው የአዲስ አበባው ድርጅት ነው። የተላከው ሰው ምስጋናው ይባላል። ከወልድያ እስከዚህ በአውቶብስ ተንገጫግጮ መጥቶ እንኳ ሸሚዙ አልተጨማደደም፤ ይህን ሳይ ጠላሁት። ፕሮጀክተሩን ግድግዳው ላይ አብርቶ ሥዕል በሥዕል ላይ እያገላበጠ፣ «ዳታችሁ እዚህ አይቀመጥም። ክላውድ ላይ ነው፤ ቢዘረፍ ቢቃጠል አይነካም» አለ። ይህች ቃሉ ወንዳወቅን ያዘችው።

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?» አለ ትእዛዙ።

«ብዙ ጊዜ አይጠፋም።»

ትእዛዙ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። ወራት ያለ ስልክ የኖርን ሰዎች ነን። ምስጋናው ሊቀጥል አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋና ሥዕሉ ከግድግዳው ላይ ድርግም አለ። እግዜርም አንዳንዴ ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጣል። በጨለመው ክፍል ውስጥ እኔ ጠየቅሁ፤ «ስሟን የቀየረች ሴት ብትመጣስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«በፍርድ ቤት ያስቀየረችበትን ማስረጃ ታያይዛለች፣ እናስተካክላለን።»

«የእኛ አገር ፍርድ ቤት አማቷ ናት» አልኩት። ትእዛዙ ሳቀ። ወንዳወቅ አልሳቀም፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ጥያቄውን ለምን እንደጠየቅሁ እኔም አላውቅም። ምላስ የሚያመውን ጥርስ እየፈለገ እንደሚነካካው ነው።

በማግስቱ ኪዳኑ መጣ። ኪዳኑን ያልጠገነለት ሰው ሰቆጣ ውስጥ የለም። መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒዩተር ይሠራል፣ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ ስልክ ይከፍታል። ገና ከመቀመጡ ወደ እኔ ዞረና፣ «እንደው እትዬ ይታየሽ ባሉበት ቤት እኔ ስለ ካርድ ምን እናገራለሁ?» አለ። ካርዱን ባለበት ቅደም ተከተል በስካነር ፎቶ እያነሣ ያስገባዋል፤ ከቦታው የሚነቃነቅ ወረቀት የለም። ማን ከማን ጋር ይያያዛል ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሌለውም እንደሌለ ይቀራል። የክፍሉ ቁልፍ እንደ ድሮው እኔ ጋ ነው።

«ባካፕስ?» አለው ወንዳወቅ።

«ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ ፍላሹም እሳቸው ጋ። ከተበላሸ ደግሞ እኔ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነኝ።»

አሥር ደቂቃው እውነት ነው። የቀረው ሁሉ ሰነፍ ሥራ መሆኑን ግን እኔ፣ ኮምፒዩተር በቅጡ የማላውቀው፣ እንኳ አውቄዋለሁ። እጄ ግን ነጥቡን ለመጻፍ ቸኮለ። ከመቶ ዘጠና ሁለት። ትእዛዙ ወረቀቴን አጮልቆ አይቶ፣ «ኧረ እትዬ፣ ገና ሦስተኛዋ አልቀረበችም» አለኝ።

ሦስተኛዋ ዓይናዲስ ናት። ከወልድያ። ድርጅት ይባል እንጂ እሷና አንድ ጓደኛዋ ብቻ ናቸው። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ላፕቶፗ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ፕሮጀክተሩ ሲጠቆማት፣ «ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ካርድ ክፍሉን ልየው» አለች። ወንዳወቅ ፈቀደላት። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ግማሽ ቀን ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አትናገርም። እጄን ታያለች፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ደግሞ ታያለች። ሰው እጁን ሲያዩበት እጁ ይሳሳታል። ከአምደወርቅ አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ላይ ቆመው ፈገግ አሉልኝ። እንደ ልማዳቸው ስማቸውን ሳይነግሩኝ ጠበቁ። እጄ የትም አልሄደም። ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ ከየት እንደመጡ አውቃለሁ፤ ስማቸው ግን የለም። «ማን ልበል?» አልኳቸው። ፈገግታቸው ከሰመ። «ይግዛው ነኝ እንጂ፤ ምነው ይታየሽ?» አሉኝ። ይህ በዚያ ወር ሦስተኛ ጊዜዬ ነበር። ዓይናዲስ ጻፈችው፣ ወይም የጻፈችው መሰለኝ።

ቀጥሎ ለአንዲት ሴት የተያያዙ ሁለት ካርዶች አወረድኩ።

«ይኼ ለምን ሁለት ሆነ?» አለች ዓይናዲስ።

ነገርኳት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ። «የእኔም እናት ሁለት ስም ነው ያላት» አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከደብተሯ ላይ አንሥታ፣ «እንደዚህ ሁለት ካርድ ያላቸው ስንት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ማን ቆጥሯቸው።»

«ሁሉም ተያይዘዋል?»

«ሁሉም።»

«ያልተያያዘ የለም?»

«የለም አልኩሽ እኮ!»

መስኮቱ ላይ የነበሩት ሰዎች ዞር አሉ። ልጅቱ አልተቆጣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእኛ ሲስተም ሁለቱን ስም ያስተሳስራል። በአዲሱ ስሟ ስትጠራ የድሮው ታሪኳ አብሮ ይወጣል፤ የድሮ ስሟን ግን ከሐኪሙና ከካርድ ክፍል በቀር የሚያየው የለም፣ አማቷም አትሰማም። ግን በራሱ አያውቅም፣ እትዬ። የሚያውቅ ሰው ሊነግረው ይገባል። እሱም እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። ከዚያም ጨመረች፤ «እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙስ?»

«አልታመምም» አልኳት። ዜሮ ልሰጣት ቆርጫለሁ። ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ሻዩን ሳልጠጣ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

ወንዳወቅ ዓርብ ዕለት ወሰነ። ወሬ ይብቃ፤ ሰኞ ሦስቱም እዚሁ ፊታችን ቁጭ ብለው አንድ ዓይነት አሥር ካርድ ወደየሲስተማቸው ያስገቡ፣ ከዚያ ነጥብ እንስጥ። አሥሩን ካርድ የምመርጠው እኔ ነኝ። «እርስዎ ያውቁታል» አለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ከቅዳሴው አንድ ቃል አልሰማሁም፣ እግሬን እያቀያየርኩ ቆሜ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳጥኑን ገፋሁት፣ መለስኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። አሥር ጤነኛ ካርድ መርጣለሁ፣ ሦስቱም ያልፋሉ፣ ያን ጊዜ ቅርበቱ ኪዳኑን ያስበልጠዋል፣ ሁሉም ባለበት ይቀጥላል። ያንን ካርድም አቃጥለዋለሁ። ክብሪት ከዚህ በፊትም አንሥቼ አውቃለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ብርሃን የድምፅ መልእክት ልካለች።

«እትዬ፣ ደህና ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። የመዳሟ ልጅ ትኩሳት ይዟት፣ እኔ እኮ ነርስ ነኝ ልያት አልኳት፤ ሳቀችብኝ፣ ሂጂ ሳህን እጠቢ አለችኝ። ይሁን። እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። ያን ቀን ልጅቱን ጠይቄያት ነበር አይደል? ድሮ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን ግን ሳስበው ሳስበው ይጠፋብኛል። ምናልባት ሳልጠይቃት ቀርቼ፣ የጠየቅኋት እየመሰለኝ ቢሆንስ? አንቺ እዚያው ነበርሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ንገሪኝ እንጂ።»

መልእክቱን አምስት ጊዜ ሰማሁት። ሥራዋን ወሰድኩባት፣ አገሯን ወሰድኩባት፤ አሁን ደግሞ የገዛ ትዝታዋን ልወስድባት ነው። በራሴ አፈርኩ። ሳጥኑን ገፍቼ ካርዱን አወጣሁት። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ቀዩ እስክሪብቶ ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል።

ያን ጊዜ ቆራጥ የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ሰኞ ጠዋት ካርዱን ከአሥሩ መሐል ስከተው፣ የተዋበችንም ካርድ ከእሱ ራቅ አድርጌ ስጨምር፣ ማሽኑ ይናገርልኝ ብዬ ነው። ሁለት ካርድ፣ አንድ አባት፣ አንድ አያት። ከሦስቱ አንዱ ሲስተም ነቅቶ «ይህች አንዲት ሴት ናት» ቢል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ነገሩ ይወጣል። ፈሪ ነኝ፤ ፈሪ ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲናገርለት ይፈልጋል።

አሥሩን ካርድ በሦስት ቅጂ ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ ዋናዎቹን ትእዛዙ ፊት ከምሬ፣ ቅጂዎቹን አደልኩ። ኮፒው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀዩ እስክሪብቶ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ መስሏል። ሦስቱም ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የቁልፍ መመታት ብቻ ነው። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። መስኮት ጋ እቆማለሁ፣ ከኋላቸው እዞራለሁ። ወንዳወቅ «እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለኝ። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ።

ምስጋናው መጀመሪያ ጨረሰ። አሥር ሰው፣ አሥር መዝገብ፣ ስሕተት የለም። ኪዳኑ ቀጥሎ ጨረሰ። አሥር ፎቶ፣ ጥርት ያለ። የምሳው ሁለት ልጆች በሁለቱም ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሴቶች ሆነው ገቡ፤ አንዷ የሰሃላ፣ አንዷ የባሏ አገር የዝቋላ። ዕድሜያቸውም በግምት የተጻፈ ስለሆነ አይገጥምም። ማሽኑ ምን ያድርግ? ምንም አላለም።

ዓይናዲስ ዘገየች። ትእዛዙ ሰዓቱን እያየ፣ «ፍጥነትም መስፈርት ነው» አላት። እሷም አሥሩን አስገባች። የእሷም ሲስተም ምንም አላለም። እፎይታ ነው ብዬ ነበር፤ እፎይታ አልነበረም።

«ጨርሻለሁ» አለች ዓይናዲስ፣ ግን ላፕቶፑን አልዘጋችውም። «አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ከነዚህ አሥር ካርዶች መሐል የአንድ ሰው የሆኑ አሉ? ሲስተሙ አያውቅም፤ ስለዚህ እጠይቃለሁ።»

ወንዳወቅ ትእዛዙን አየ። ትእዛዙ ትከሻውን ነቀነቀ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ልክ እንደ ብርሃን ጠየቀች። ያን ቀንም አንዲት ሴት በደንቡ ጠይቃ ነበር፤ መልሱን የምታውቀው መሰላል ላይ ሆና ዘገየች። አሁን መሰላል የለም። ሰልፍ የለም፣ አማት የለችም። የነጥብ መስጫው ወረቀት ፊቴ ላይ ነው፤ ዘጠና ሁለቱ ተጽፏል፣ መፈረም ብቻ ነው የቀረኝ።

«አሉ» አልኩ።

ከትእዛዙ ፊት ካርዶቹን ሳብኩ። ሁለቱን አውጥቼ ጎን ለጎን ወንዳወቅ ፊት አስቀመጥኳቸው። «ሠርካለም ምሳውና ተዋበች ምሳው አንዲት ልጅ ናቸው። ያን ቀን መስኮቱ ላይ አወቅኋት። በድሮ ስሟ መጥራት ከበደኝ፣ መሰላል መውጣትም ከበደኝ። ባዶ ካርድ ሰጠኋት። መርፌው ሲወጋ ይኼ እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ሰርቄ ቤቴ ወሰድኩት።»

ወንዳወቅ ካርዱን አነሣ። መጀመሪያ ያነበበው ስሟን አልነበረም። ቀዩን መስመር ነው ያየው። የገዛ ጽሑፉን። ሁለቴ ያሰመረበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ያን መርፌ ያዘዘውም እሱ፣ የብርሃንን ደብዳቤ የፈረመውም እሱ ነው፤ ይህን ለማስታወስ የእኔ እርዳታ አላስፈለገውም። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። እንዲጮኽብኝ ፈለግሁ። አልጮኸም።

ምስጋናውና ኪዳኑ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው ላፕቶፓቸውን ይሰበስባሉ። ዓይናዲስ አንገቷን ደፍታለች። ትእዛዙ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን እንደሚጽፍ ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን ይዞ ቀርቷል።

«ሌሎች አሉ?» አለ ወንዳወቅ በመጨረሻ።

«አሉ። ሲዘረፍ ማያያዣው ተበጣጥሶ የተለያዩ አሉ። የማስታውሳቸው አርባ ሦስት ናቸው። የረሳኋቸውን አላውቅም። እየረሳሁም ነው፣ አቶ ወንዳወቅ። ይግዛውን እንኳ ስማቸውን ጠየቅኋቸው።»

የነጥብ ወረቀቴን ወሰድኩና ዘጠና ሁለቱን ሰረዝኩት። የዓይናዲስን ሞላሁ፣ ፈረምኩ። ስንት እንደሰጠኋት አልናገርም፤ የሚገባትን ነው። ለሥራው የምትሆነው እሷ እንደሆነች ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ፤ የጠላኋትም ለዚሁ ነው።

ወንዳወቅ ወረቀቱን ተቀበለኝ። አላየውም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እትዬ፣ እርስዎ ሲለኝ የኖረ ሰው፣ «ይታየሽ» አለኝ። «ዛሬ አርባ ሦስቱን ከዚች ልጅ ጋር ቁጭ ብለሽ ታስተሳስሪያለሽ። ስለ አንቺ ሌላውን ኋላ እንነጋገራለን። ከዚያ በፊት ግን ደውይላት።»

«ለማን?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«ለብርሃን። እዚሁ። ከአንቺ ቀጥሎ እኔ አናግራታለሁ።»

ሌሎቹ ወጡ። ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ ስሟን ስቶ ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ላይ ሄደ። ጠራ፣ ጠራ። አነሣችው። ከኋላዋ ቧንቧ እየፈሰሰ ነው፣ ሳህን ይንኳኳል።

«እትዬ! በዚህ ሰዓት? ምነው፣ ሁሉም ደህና?»

«ደህና ናቸው» አልኳት። «ብርሃን፣ ጠይቀሻት ነበር። በደንብ ጠይቀሻት ነበር። ካርዱም ነበረ። እኔ እጅ ላይ ነበረ።»

ቧንቧው ተዘጋ።

«እንደገና በይው» አለችኝ።

እንደገና አልኩት።